ሜንተሬን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሆስፒታላችን ለጀማሪዎች ሜንተር (መካሪ ሐኪም) ሲመድብ እኔ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ደረሱኝ። ጎበዝ ናቸው፣ ሰው አክባሪም ናቸው። ችግሩ እኔ ነኝ መሰለኝ።

የምንገናኘው ከራውንድ (ከታካሚዎች ጉብኝት) በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። «እሺ ዶክተር፣ ችግር አለ?» ይሉኛል። «ደህና ነው ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። በቃ። ስድስት ወር እንዲሁ አለፈ።

ችግር ግን አለ። ባለፈው ወር ማታ ዲውቲ ላይ ዲኬኤ (ኢንሱሊን ሲያጥር ደም አሲዳማ የሚሆንበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ የገባች የስኳር ታካሚ መጣችልኝ። የፖታሲየም ውጤት ሳልጠብቅ ኢንሱሊን ጀመርኩላት። ውጤቱ ሲመጣ 2.9፣ በጣም ዝቅተኛ! ኢንሱሊን ፖታሲየምን ወደ ሴል እያስገባ ይበልጥ እንደሚያወርደውና የልብ ምትን ሊያዛባ እንደሚችል፣ ከ3.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ፖታሲየሙ መተካት እንዳለበት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ እኮ። ወዲያው ኢንሱሊኑን አቁሜ ፖታሲየም ጀመርኩላት። እስኪነጋ ከሞኒተሩ ፊት አልተነሳሁም። ልጅቷ ድና ወጣች። እኔ ግን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም።

ለሜንተሬ ልንገራቸው? የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞሉት እሳቸው መሆናቸው ነው ያስፈራኝ። ስለ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ምርጫዬም ላማክራቸው እፈልጋለሁ፤ ውስጥ ደዌ ይሁን ሰርጀሪ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህ ደግሞ በኮሪደር አያልቅም።

ሜንተር የነበራችሁ፣ ቁጭ ብሎ ለማውራት እንዴት ብላችሁ ነው ቀጠሮ የያዛችሁት? ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በቴሌግራም ትልኩ ነበር? ሲኒየሮችስ፣ ጀማሪ ስህተቱን ይዞ ቢመጣባችሁ እውነት ምን ይሰማችኋል?