ዘመናዊ የአውሮፓ ታሪክ ከ1453 ነው ወይስ ከ1789?

ተማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነኝ። አንደኛው መምህራችን ዘመናዊ የአውሮፓን ታሪክ ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ከወደቀችበት ከ1453 ጀምሮ ነው ያስተማረን። ዘንድሮ የያዘችን መምህርት ደግሞ ከፈረንሳይ አብዮት (ከ1789) በፊት ያለውን በሙሉ «መንደርደሪያ ነው» ብላ ዘለለችው። ፈተናው ላይ «መቼ ጀመረ?» የሚል እንደሚመጣ ይወራል። የቱን ልጻፍ? (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢኒ፦ 1492 በይና ተገላገይ። ኮሎምበስ አለ፣ በስፔን የመጨረሻዋ የሙስሊሞች ግዛት ግራናዳም የተያዘችው በዚያው ዓመት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ቢኒ፣ በዚህ አያያዝ ግማሽ ማርክም አታገኝ!

ልጄ፣ 1453ን ያስለመዱን መማሪያ መጻሕፍት ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሃሌ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክሪስቶፍ ሴላሪየስ ታሪክን ጥንታዊ፣ መካከለኛና አዲስ ብሎ ከፈለ፤ መካከለኛውን ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ጀምሮ በቁስጥንጥንያ ውድቀት ዘጋው። ለማስተማር ይመቻል፣ አልክድም። ግን «የግሪክ ሊቃውንት ከቱርክ ሸሽተው ጣሊያን ስለገቡ ህዳሴ ተጀመረ» የሚለውን እንዳትጽፊ። የቁስጥንጥንያው ሊቅ ማኑኤል ክሪሶሎራስ ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ገብቶ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397 ነው፤ ከተማዋ ልትወድቅ ገና ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲቀራት።

እኔን ብትጠይቂኝ ቁስጥንጥንያን ከጣለው መድፍ ይልቅ ማተሚያውን አስቀድማለሁ። የቱርኩ ሱልጣን መህመድ 2ኛ ከተማዋን በያዘበት ሰሞን ጉተንበርግ ጀርመን ውስጥ ማይንትስ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን በማተም ሥራ ላይ ነበር። በ1517 ማርቲን ሉተር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የተቸባቸው 95 ነጥቦች በየከተማው የተበተኑት በዚያ ማተሚያ ነው። (የኛም ግዕዝ ቀድሞ ደርሶበታል፤ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በ1513 ታትሟል።)

መምህርትሽም ቢሆኑ 1789ን ድንበር ለማድረግ መሠረት አላቸው። በፈረንሳዮች ልማድ «ዘመናዊ» የሚባለው ከ1492 እስከ 1789 ያለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው «የቅርብ ዘመን» ነው። የፈረንሳዮቹ «ዘመናዊ» የሚያልቅበት ላይ የመምህርትሽ ይጀምራል ማለት ነው! ደግሞ መለኪያሽ የገበሬው ኑሮ ከሆነ 1789ም ይፈጥናል፤ የሩሲያው ጭሰኛ በአዋጅ ነጻ የወጣው በ1861 ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያሽን ጻፊ፤ ሃይማኖት ነው፣ መንግሥት ነው ወይስ ኑሮ? ዓመቱ ከዚያ ይከተላል።

ሐና ከፍራንክፈርት፦ ጋሼ፣ 1648ን ዘለሉት እኮ! የሠላሳው ዓመት ጦርነት የተዘጋበት የዌስትፋሊያ ውል የት ሄደ?

ጡረተኛው መምህር፦ መለኪያዋ መንግሥት ከሆነ ትጥቀሰው። ግን «ሉዓላዊ አገር በዚያ ቀን ተወለደ» የሚለው ተጋንኗል። የጀርመን መሳፍንትን ከንጉሠ ነገሥት ሥር ያቀፈው የቅድስት ሮማ ግዛት እስከ 1806 ድረስ አልፈረሰም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መለኪያዬን መንግሥት አድርጌ 1789ን ልይዝ ነው፣ 1648ንም እጠቅሳለሁ። ማተሚያው ይበልጥ አሳምኖኝ ነበር፤ ግን ወረቀቱን የምታርመው እሷ ናት።