ጊታርና ሳክስ አንድ ላይ፤ ኪርክ ፔንጊሊ እንዴት ቻለው?

ጠያቂ (ከሜልቦርን)፦
ሰላም ጓዶች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ትንሽ ባንድ ጊታር እጫወታለሁ። ባለፈው ወር ያገለገለ ቴነር ሳክስ (ሳክስፎን) ገዛሁ። ጎረቤቴ አልወደደውም። ጥፋቱ የአውስትራሊያው ሮክ ባንድ የኢንኤክሰስ ጊታርና ሳክስ ተጫዋች የኪርክ ፔንጊሊ ነው። «ኔቨር ቲር አስ አፓርት» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ባንዱ ጸጥ ይልና ሳክሱ ሲገባ ሁሌም ውርር ያደርገኛል። ግን ጊታሩ ኢ ኪይ (ዘፈኑ የሚመሠረትበት ኖታ) ላይ ሲሆን እኔ ሳክሱ ላይ እጠፋለሁ። ሰውየው ሁለቱን እንዴት ቻላቸው? ዘፈንም ይደርስ ነበር የሚባለውስ?

ጋሽ ቴነር፦
አይ ልጄ፣ ቴነር እኮ የቢ ፍላት መሣሪያ ነው። አንተ ሲ ስትነፋ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው። ጊታሩ ኢ ሲል አንተ ኤፍ ሻርፕ መንፋት አለብህ። ስድስት ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚል ኖታ)! ጊታሪስት የሚወደው ኪይ ሁሉ ለኛ አበሳ ነው። ሆቴል ስሠራ ጊታሪስታችን «ኢ!» ሲል ሪድ (የሳክሱን መንፊያ ቀጭን ሸምበቆ) እንደሚቀይር ሰው ጎንበስ እል ነበር። ለጊዜው ኤፍ ላይ እንሥራ በላቸው። አንተ ጂ ትነፋለህ፣ አንድ ሻርፕ ብቻ።

ያ ሶሎ ደግሞ ኖታ አያበዛም። ረጅም ይነፋል፣ ያርፋል። ጊታር ላይ ትንፋሽ ስለማያልቅ ጣት ዝም ብሎ ይሮጣል። አንተም ያንን አመል ይዘህ ሳትመጣ አትቀርም።

የድሮ ካሴት፦
ስለ ድርሰቱ እኔ ልበል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲድኒ ላይ ሲጀመር ሦስቱ የፋሪስ ወንድማማቾች፣ ማይክል ሃቸንስ፣ ጋሪ ቢርስና ኪርክ ነበሩ። ትልልቆቹ ዘፈኖች በብዛት የአንድሩ ፋሪስና የሃቸንስ ናቸው፤ ያ ያልከውም ጭምር። በ1982 የወጣው «ዶንት ቼንጅ» ግን በስድስቱም ስም ነው። ስለዚህ ደራሲ ነው፣ ግን ዋናው አይደለም። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ ሳክስ ካልፈለገ ጊታሩን ይዞ ጥግ ይቆም፣ ኋላ ሆኖ በድምፅ ያጅብ ነበር። ሃቸንስ በ1997 ከሞተ በኋላም ባንዱ በ2012 መድረክ እስኪለቅ አብሮ ነበር።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ዛሬ ኤፍ ላይ ሞከርነው። ባሲስቱ ተነጫነጨ። እኔም ሶሎው ግማሽ ላይ ትንፋሽ አለቀብኝና አረፍኩ። አጃቢዎቹ ሆን ብዬ ያቆምኩ መስሏቸው አጨበጨቡ። አልነገርኳቸውም።