መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ለመውሰድ ምን ላድርግ?

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ስድስት ዓመት የሆነኝ፣ ደሴ ከተማ አክስቴ ቤት ተጠግቼ የምኖር ሴት ነኝ። ማታ ማታ የምወስደው ዶሉቴግራቪር የተባለው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበት አንድ ፍሬ ክኒን ብቻ ስለሆነ መድኃኒቱ ራሱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ የብልቃጡ ድምፅ ነው። በልጅነቴ ያሳደገኝ ሰው ዕቃዬን እየበረበረ፣ ባገኘው ነገር ሁሉ እያመካኘ ይደበድበኝ ስለነበር፣ ዛሬም በር ሲንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጥና ክኒኑን ሳልውጥ መልሼ እደብቀዋለሁ። አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ቫይረሱ አለባት የተባለች ጎረቤታችን የጠጣችበትን ሲኒ ለብቻ ስታስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

በቅርቡ በደሜ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 ቅጂ በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለሦስት ወር የተጠናከረ ምክር አግኝቼ እንደገና እንድመረመር ተነግሮኛል። አማካሪዋ ለምን እንደዘለልኩ ስትጠይቀኝ «ረስቼ ነው» አልኳት። እውነቱ ይህ አልነበረም፤ ስለ ዱላው ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የልጅነት በደላችሁን ለአማካሪ በምን ቃል ጀምራችሁ ነገራችሁ? ከሰው ጋር በአንድ ክፍል እየኖራችሁስ መድኃኒቱን የት ታስቀምጣላችሁ? ሰዓቱን ወደ ጠዋት ያዛወረ ሰው ካለ እንዴት እንደሆነለት ቢነግረኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ለቀጠሮዬ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል።