የብረታ ብረት መፈለጊያ ዲቴክተሬ ሳንቲም ላይ ዝም አለ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ጀማሪው፦ እባካችሁ ፍጠኑልኝ፣ ሜዳ ላይ ነኝ፣ ሊመሽ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምስማርና ቆርኪ ሲያስቆፍረኝ ዋለ። በሽቄ ዲስክሪሚኔሽኑን (የማልፈልገውን ዕቃ ዝም የሚያሰኘውን ማስተካከያ) ከፍ አደረግኩት። አሁን ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ሣሩ ላይ ጣልኩለት፣ ዝም! ተበላሽቶ ነው?

አካፋ፦ ባትሪ ቀይር።

የድሮ ቆፋሪ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትነካውን እወቅ። ዲስክሪሚኔሽን ሳንቲም አይመርጥልህም። ማሽኑ የላከው ሞገድ ዕቃውን ነክቶ ምን ያህል ዘግይቶ እንደተመለሰ ይለካና ቁጥር ይሰጠዋል። አንተ ደግሞ «ከዚህ በታች ያለውን አታሰማኝ» ትለዋለህ። ብረት ታች ነው። ከፍ ሲል ፎይል፣ የጣሳ ቀለበት፣ ኒኬል ያለበት ሳንቲምና ቀጭን የወርቅ ቀለበት ተደባልቀው ይቀመጣሉ። መዳብና ብር ላይኛው ጫፍ ናቸው። የጣሳውን ቀለበት ስትዘጋ ወርቁንም ዘጋኸው ማለት ነው።

ወገቤን፦ ዝም ካለ ተወው፣ ወገብህ ይረፍበት። የኔው ትናንት አንድ ኪስ ሙሉ ቆርኪ አስለቅሞኛል 😂

ጽጌ፦ ኮይሉን (መሬቱን የሚቃኘውን የታችኛውን ክብ) እያወዛወዝክ ነው ወይስ ከላዩ አቁመኸዋል? ካቆምከው ዝም ይላል። ፒንፖይንት (ዕቃው ያለበትን ነጥብ የሚያሳየውን ቁልፍ) ተጫን፣ እሱ ዲስክሪሚኔሽን አያውቅም።

ጀማሪው፦ እያወዛወዝኩ ነው። ፒንፖይንት ላይ ጮኸ!! ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

አካፋ፦ ባትሪውን ቀየርከው?

ጽጌ፦ ማሽንህ ደህና ነው። ሳንቲሙን ማግኔት ይስበዋል?

ጀማሪው፦ ምን አገናኘው? ሳንቲም ሳንቲም ነው።

ጽጌ፦ አይደለም። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ልባጥ የሆነ ብዙ ነው። የዩሮ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች ብረት በመዳብ ተለብጦ ነው። ማሽኑ እንዲህ ያለውን እንደ ምስማር ሊቆጥረው ይችላል። ዲስክሪሚኔሽኑን ዜሮ አድርግ፣ አንድ ምስማር መሬት ላይ ጣልና እሱ ዝም እስኪል ብቻ ቀስ ብለህ ከፍ አድርገው። ከዚያ ማግኔት በማይስበው ሳንቲም ሞክር። ድምፁ ከተቆራረጠ ዘጠና ዲግሪ ዞረህ ድገመው። በሁለቱም በኩል ጥርት ካለ ቆፍር።

ቆርኪ ሰብሳቢ፦ እኔ አልስማማም። ዜሮ አድርገውና ሁሉንም ስማ። ከሳንቲም አጠገብ ምስማር ካለ፣ ብረቱን ስትዘጋ ሳንቲሙም አብሮ ይዋጣል። ምስማር በበዛበት ትንሽ ኮይል ግጠም።

ወገቤን፦ ሁሉንም ስማ ይላል! ወገብ ያለው ይስማ።

ጀማሪው፦ ማግኔት የለኝም። የጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ያለው ይበቃል?

ጽጌ፦ ይበቃል፣ ጠጋ አድርገው።

ጽጌ፦ እሺ? ሳበው?