ከውጤት በፊት ያለው ክረምት፦ ለምህንድስና ምን ላጥና?

ጠያቂ (ከሐይቅ ከተማ)
ሰላም ለሁላችሁ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ጨርሼ ውጤት በመጠባበቅ ላይ ነኝ። ሐሳቤ ሲቪል ምህንድስና መማር ነው። ደሴ የሚገኝ አንድ አስጠኚ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ኮርሶችን በክረምቱ አስቀድሞ እንደሚያስተምር ገልጾልኝ 5,000 ብር ጠየቀኝ፤ አባቴም በግ ሸጦም ቢሆን እንደሚከፍል ነግሮኛል። ይሁንና ቀኑን በጤፍ አረም ስለማግዘው ለጥናት የምተርፈው ማታ ብቻ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የምህንድስና ተማሪዎችን ትምህርት ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ወደ ግቢ እየጠሩ ሒሳብ እንደሚያስከልሷቸው አንብቤ ነበር። እንዲህ ያለውን ዝግጅት እዚሁ ሆኜ በራሴ ማድረግ እችላለሁ ወይስ ገንዘቡን ብንከፍል ይሻላል?

መልስ 1 (የ4ኛ ዓመት የመካኒካል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)
አብሽር ወንድሜ። በቅድሚያ ግን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጥሮ ሳይንስ ተመዳቢ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን እንደሚወስድ እወቅ፤ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊም አሉበት። ምህንድስና መግባትህ በምርጫህ ብቻ ሳይሆን በዚያ ዓመት በምታመጣው ውጤትም ስለሚወሰን የትኛውንም ኮርስ አትናቅ። (እኔ ጂኦግራፊን ንቄ ዋጋ ከፍያለሁ።)

እኔም እንዳንተ ከፍዬ ተምሬ ነበር። የካልኩለሱን የዲሪቬቲቭ ቀመሮች በቃሌ ሸምድጄ ገባሁ። በመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ግን ዘንበል ባለ ወለል ላይ የተቀመጠን ዕቃ ክብደት በሁለት አቅጣጫ ስከፍል ሳይኑን በኮሳይኑ ቦታ አስገብቼ ጥያቄው ከነቅርንጫፎቹ ተበላሸብኝ። ያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ኮርስ ሳይሆን ትቼው ካለፍኩት የሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪ የመጣ ጉድለት ነበር።

መልስ 2 (የሒሳብ መምህር፣ ደሴ)
ከላይ የተጻፈው በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። ልጄ፣ ከመቀጠልህ በፊት የ9 እና የ16 ድምር ስኩዌር ሩት ስንት እንደሆነ በወረቀት ጻፍ። ሁለቱን ለየብቻ አውጥቶ 3 ሲደመር 4 የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ መልሱ ግን የ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 5 ነው። ሌላም ልጨምርልህ፦ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ሲካፈል ሊሚቱ (የሚጠጋው ቁጥር) ስንት ነው? 3ን በቀጥታ የተካ ሰው ዜሮ በዜሮ አግኝቶ ይቆማል፤ የላይኛውን ፋክተር ያደረገ ግን አጣፍቶ 6 ያገኛል። እንግዲህ እዚህ ላይ የከበደው ካልኩለሱ ሳይሆን የታችኛው ክፍል አልጀብራ ነው።

ስለዚህ የሚመጣውን ኮርስ ቀድመህ ከምታሯሩጠው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉትን መጻሕፍት አውጥተህ የየምዕራፉን መጨረሻ ጥያቄዎች መልሱን ሳታይ ሞክር፤ የተሳሳትከውን ብቻ ለብቻው ደብተር ላይ አስፍርና ከሳምንት በኋላ እንደገና ሥራው። አረም ውሎ ለደከመ ሰው በማታ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የአሜሪካዎቹም ዋና ሥራቸው ጉድለትን በፈተና ለይቶ በቡድን መሙላት ነው፤ ለዚህ ሁለት የሰፈር ጓደኞች አይጠፉም።

መልስ 3 (ሲቪል መሐንዲስ፣ ወልዲያ)
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ክረምቱን በሙሉ ለሒሳብ መስጠቱን አልደግፍም። እኔን ያስለቀሰኝ የምህንድስና ሥዕል ነበር፤ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል በአእምሮዬ ማዞር አልችልም ነበር። አንድ ሳሙና በቢላ በደረጃ ቅርጽ ቆርጠህ ከፊትህ አስቀምጥና ሦስቱንም ገጽታ በእርሳስ ሣል፤ ከዚያ ሳሙናውን ደብቀህ ከሥዕሉ ብቻ ቅርጹን መልሰህ ለመሣል ሞክር። ፕሮግራሚንግም ቢሆን ኮምፒውተር እስክታገኝ አይጠብቅህም፤ ከሦስት ቁጥሮች ትልቁን ለመለየት የሚያስፈልጉትን ቅደም ተከተሎች አንድም ሳትዘል በወረቀት መጻፍ ከቻልክ የሲ ፕላስ ፕላስ (የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ነው) ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ኮዱን በኋላ በስልክህ ትሞክረዋለህ።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ የእርስዎን ጥያቄ ወደ ታች ሳልወርድ በወረቀት ሠርቼው ነበር፤ 7 ብዬ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ማታ የ9ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከታናሽ እህቴ እዋሳለሁ፤ አባቴንም በጉን እንዳይሸጥ ነግሬዋለሁ።