አረቦኑ ይነስ ወይስ ተቀናሹ?

ጥያቄ፦ ሁለት የጤና መድን አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ በወር 300 አረቦን (ለመድኑ የሚከፈል መደበኛ ክፍያ)፣ በዓመት 1,000 ተቀናሽ (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈል የሕክምና ወጪ)፤ ሌላው 200 አረቦን፣ 3,000 ተቀናሽ። የቱ ያዋጣል?

መልስ፦ በዓመት አስላው። አንደኛው 3,600 አረቦን ነው፤ ተቀናሹ ሲሞላ 4,600 ይደርሳል። ሁለተኛው 2,400 ሲደመር የሕክምና ወጪህ። ወጪህ 2,200 ሲሆን እኩል ይመጣሉ፤ ከዚያ በታች ሁለተኛው፣ በላይ አንደኛው ይረክሳል። ቋሚ መድኃኒት ካለህ ያንን መጀመሪያ ደምር።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ግን ከተቀናሹ በኋላም ከሕክምና ወጪው የአንተ ድርሻ ሊኖር ይችላል፤ 20 በመቶ ከሆነ ስሌቱ ይናጋል። ዓመታዊ የወጪ ጣሪያውን (በዓመት ለሕክምና ከኪስህ የምትከፍለውን ከፍተኛ መጠን) ጠይቅ። አረቦን ከተቀናሹ ላይ አይታሰብልህም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መልስ፦ 3,000 በእጅህ ከሌለ ሁለተኛውን እርሳው። ተቀናሹ በየዓመቱ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ቀጠሮ የሚይዝ ቀዶ ሕክምናንና ክትትሉን በአንድ የውል ዓመት ውስጥ ጨርስ።