ዳገት ላይ ልጅ ማውረድ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የቪትዟ እናት (ደሴ)

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

መኪና መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። አሮጌ ቪትዝ ናት፤ ብርማ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ሴቷ አምስት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ናት። ሁለቱም አንድ ግቢ ነው የሚማሩት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ዳገት ላይ ነው ብላችሁም አታገኙትም። ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ ያልተሠራ ትምህርት ቤት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝና ልጆቼን ላዛውራቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ለ2 ሰዓት አሥር ጉዳይ ደረስን። ቀኝ ጠርዙ ላይ መኪና ተደርድሯል። ቦታ የለም። እኔም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከተደረደሩት ጎን ቆምኩና አራቱን ፍሬቻ አበራሁ። አንድ ደቂቃ ነው ብዬ። መኪናዋ አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ ነው። ትንሿ ቀኝ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዟታል። ወንድሟ በግራ ነው የተቀመጠው። «ውረድ፣ ረፈደ!» አልኩት። እሱም እንደታዘዘው የራሱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

ከኋላ የመጣ ባጃጅ በሩን ወደ ፊት ቀልብሶት አለፈ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የልጄ እግር ገና መሬት አልነካም ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ወርጄ የጮህኩት ጩኸት ጦሳ ተራራ ላይ ሳይሰማ አይቀርም። «አታይም ወይ? ልጅ ልትጨርስ ነው ወይ?» ያላልኩት የለም። የባጃጁ ልጅ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ከኋላው አየሁ። ባጃጁ ውስጥ አምስት ተማሪዎች ተጠባብቀው ተቀምጠዋል። አንዷ እያለቀሰች ነው። አፌ ተያዘ። እሱ ከሁላችን በፊት «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስለነሱ አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከኋላ ክላክስ ያስጮህ የነበረ አንድ ሰውዬ ደግሞ በመስኮት ወጥቶ «ሴት መሪ ስትይዝ ይኸው ነው» አለ። እሱ ራሱ ዜብራው ላይ ነበር የቆመው። ልለፈው።

በሩን ለማስቃናት 4,500 ብር ተጠይቄያለሁ። ከባጃጁ ልጅ ምንም አልጠየቅኩም፣ እሱም ከእኔ አልጠየቀም። ግን ባለቤቴ «ጥፋቱ የሱ ነው፣ መክፈል ነበረበት» ይላል። ወንድሜ «የአንቺ ነው» ይላል። እኔ ሌሊት ሌሊት ግማሽ ግማሽ እያልኩ ነው።

እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ። ፍሬቻ ካበራሁ ለአንድ ደቂቃ መቆም አልችልም ወይ? ካልተቻለስ የት ልቁም? የአምስት ዓመት ልጅ ከታች አውርጄ ብቻዋን ሂጂ ልላት ነው?

ሌላ የባጃጅ ልጅ

አብሽሪ እህቴ። ዋናው ልጁ ደህና መሆኑ ነው። የገጨሽ እኔ አይደለሁም፤ ግን ልሆን እችል ነበር። ከሮቢት አካባቢ አምስት ልጆች በወር ኮንትራት አመላልሳለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው። ፊት ለፊት ያለው አንድ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ በር ድንገት ሲከፈትብኝ መሪውን ጠምዝዤ ልሽሽ ብል ይገለበጣል። አምስት ልጅ ይዤ ከምገለበጥ በርሽን ብመታ ይሻለኛል። ያ ልጅ ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስቦት ከሆነ ጎበዝ ነው። ሳያስበውም ቢሆን ተርፈዋል።

አምስት ልጅ መጫናችን ልክ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው ነው። ወላጅ ዋጋ ሲከራከር ሁለት ልጅ እንጨምራለን። ወላጅም ሲጨመር እያየ ዝም ይላል። ይህን ስጽፍ የሚሰድበኝ አለቃ ይኖራል፤ ይሁን።

እኔ የለመድኩትን ልንገርሽ። የቆመ መኪና ጎን ሳልፍ የኋላ መስታወቱን አያለሁ። ቦርሳ ወይም ትንሽ ጭንቅላት ከተንቀሳቀሰ በር ሊከፈት ነው ብዬ እቀዘቅዛለሁ። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ። የኋላውን ግራ በር ክፈቺና ጠርዙን እይው። ከበሩ ቁልፍ አጠገብ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። እሷን ካዞርሻት በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ከውጭ ብቻ። ልጆቹ ወደዱም ጠሉም በቀኝ ይወርዳሉ። ዋጋው ዜሮ ነው። ብዙ ሰው መኪናው ላይ መኖሯንም አያውቅ።

ኮምቦልቻ ነኝ

እናንተ ደሴዎች በዳገት ታመካኛላችሁ። የኛ ከተማ ሜዳ ነው። 2 ሰዓት ሲቃረብ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ትርምስ ያው ነው።

ስሜን ተዉት

ልጅሽ እግር የለውም? እኛ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሆጤ ትምህርት ቤት በእግራችን ነበር የምንሄደው።

ጡረተኛው ኤንትሬ ነጂ

ከላይ ያለው ወንድሜ እኛም በእግራችን ነው የተማርነው። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ላይ በቀን የሚያልፈውን መኪና በጣት ትቆጥረው ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባና የመቀሌው መስመር ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሲኖትራክ ከትንንሽ ልጆች ጋር ይጋፋል። አታወዳድር።

ልጄ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጌ አሰብ ድረስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። እስከ 1990 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ከዚያ ያ መስመር ተዘጋ። የሐረጎን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዤ ስንቴ እንደወጣሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለ ዳገት የሚነገረኝ የለም።

አራቱ ፍሬቻ ፈቃድ ወረቀት አይደለም። «ተበላሽቻለሁ፣ አደጋ ላይ ነኝ፣ ተጠንቀቁልኝ» ማለት ነው። አንቺ አልተበላሸሽም። የቸኮለ ሰው ሁሉ ሲያበራው በእውነት የተበላሸውን የሚያምነው ጠፋ። በሱ ላይ ደግሞ አራቱ አንድ ላይ ሲበሩ ወደ የት ልትታጠፊ እንደሆነ ከኋላ ያለው አያውቅም።

ሰው ለማውረድ ለአፍታ መቆምና መኪና አቁሞ መሄድ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ግን እሱም ቢሆን ቀኝ ጠርዝ ይዘሽ ነው። ከቆመ መኪና ጎን ደርበሽ አይሆንም። ዜብራ ላይ አይሆንም። ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ መስቀለኛው ጋ፣ ዳገቱ አልቆ ማዶው የማይታይበት አናት ላይ አይሆንም። የደሴን መንገድ ስታስቢው ይህ ሁሉ ሲቀነስ ምን ቀረ ትያለሽ። ትንሽ ቀርቷል፤ ፈልጊው።

ስለ ጥፋቱ ከጠየቅሽኝ፣ በሩ ሲከፈት ከኋላ የሚመጣውን ማየት የከፋቹ ነው። ልጅ ደግሞ አያይም፤ ለልጅ የሚያየው ነጂው ነው። ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝ። ባጃጁም ከተማሪ መሃል ፈጥኖ ከነበረ የራሱ ድርሻ አለው። እኔ አልነበርኩም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለአንቺ በር ነው። አንቺ በግራ ነው የምትወርጂው። በሩን በግራ እጅሽ አትክፈቺው። በቀኝ እጅሽ ተሻግረሽ ክፈቺው። ሰውነትሽ ሳትወጂ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ዓይንሽም አብሮ ይዞራል።

አቁመሽ ከልጅቷ ጋር የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ጎማሽን አጥፈሽ ውረጂ። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ ጎማውን ወደ ቀኝ ጠርዝ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሆነና የእግረኛ ጠርዝ ድንጋይ ካለ ወደ ግራ፤ ብትንሸራተት ድንጋዩ ይይዛታል። ድንጋይ ከሌለ ወደ ቀኝ። የእጅ ፍሬን ሳቢ። ቪትዝሽ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ አድርጊያት። ማኑዋል ከሆነች ማርሽ ውስጥ ተያት፤ ወደ ታች ኋላ ማርሽ፣ ወደ ላይ አንደኛ። እኛ በዚህ ላይ ከጎማው ሥር ታኮ እናስገባ ነበር። ቦዩን ደግሞ አትርሺ፤ ጎማ ውስጡ ከገባ ጠዋትሽ አለቀ።

በር ላይ የምቆም መምህር

ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት በር ላይ ተረኛ ነኝ። የማየውን ልንገራችሁ።

እኔ የምፈራው ፈጣን መኪና ብቻ አይደለም። የቆሙትም መኪኖች ናቸው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ከሁለት መኪና መሃል ሲወጣ የሚታየው መጀመሪያ ቦርሳው ነው። ነጂው ልጁን ሲያየው ልጁ መንገዱ ላይ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። እግራችሁ ፍሬን እስኪደርስ ነው ይህ፤ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። ፍጥነቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ነው እሱም። የበልግ ካፊያና ጉም ባለበት ጠዋት ደግሞ እናንተው አስቡት።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። አንድ ደግ ሰው ዜብራው ጋ ለልጆች ይቆማል። ከኋላው ያለው ለምን እንደቆመ አያይም። ክላክስ ያደርጋል፣ ከዚያ በግራ ቀድሞት ያልፋል። ልጆቹ በዚያች ቅጽበት ከመጀመሪያው መኪና ፊት ብቅ ይላሉ። ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቼ ልቤ ቀጥ ብሏል። ዜብራ ጋ የቆመን መኪና አትቅደሙ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሱን አትርሱ።

ባለፈው ዓመት ትልልቆቹን ተማሪዎች ቀይ ጨርቅ አስይዤ አቁሜ ነበር። ለኔ ያልቆመ ሚኒባስ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ይቆማል። ምክንያቱን አላውቅም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እህቴ፣ ስለ ትንሿ የጠየቁት ትክክል ነው። ብቻዋን አይልኳት። የዚያ ዕድሜ ልጅ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት ገምታ መሻገር አትችልም፤ ብትመክሯትም አትችልም። አብረዋት ይሂዱ። በሩ ባለበት ጎን ቢያወርዷቸው ደግሞ መሻገር ራሱ ይቀራል። ለዚያ ሲባል ከታች ዞሮ መምጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ዓርብም ይጠንቀቁ። 5:30 ላይ ተማሪው ሲለቀቅ ጁምዓ የሚሄደው ሰውም አብሮ ይወጣል። በተለይ ወደ ሸዋበር መስጊድ በኩል ላላችሁ። ያን ሰዓት መኪናውን ቤት መተው ይሻላል።

የሦስት ልጆች አባት

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን እኔ ከታች ቆሜ በእግሬ ስወጣ ሌላው በሩ ላይ ደርቦ አውርዶ ሄዷል። ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?

ጡረተኛው ኤንትሬ ነጂ

አዎ። እኔም ሐረጎ ላይ ቀርፋፋ ስባል ነው ለጡረታ የበቃሁት።

የቪትዟ እናት (ደሴ)

ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል፤ ያደረግኩትን ልጻፍ።

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሩን በቀኝ እጄ መክፈት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ እንደ ሞኝ ይሰማኝ ነበር። ትናንት ስዞር አንድ ሞተረኛ በጎኔ ሲያልፍ አየሁት። በግራ ብከፍተው ኖሮ አላየውም ነበር።

የባጃጁ ወንድሜ፣ ማንሸራተቻዋን አገኘኋት። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ነበረች! ልጄ በሩ እምቢ ሲለው «ተበላሸ» ብሎ አለቀሰ። «ተሠራ» አልኩት።

አሁን የምቆመው ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ሽንኩርት የሚሸጡበት ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። በሩ ካለበት ጎን ስለሆነ መሻገር የለም። ትንሿ እርምጃዋን ትቆጥራለች፤ 140 ደርሳለች፣ ከዚያ በላይ መቁጠር ገና አልቻለችም። ከቤት ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን እንወጣለን። ሽንኩርት ሻጯ እናት ሁለተኛው ቀን ላይ «ደንበኛ፣ ዛሬም ሳትገዢ?» አሉኝ። ስለዚህ በየቀኑ ሽንኩርት እየገዛሁ ነው። ቤት ውስጥ የሽንኩርት ክምር አለ።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በሩ ጋ ደርቤ ቆምኩ። መምህሩ ምናልባት እርስዎ ከሆኑ፣ ብርማ ቪትዝ ያዩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዣንጥላ ገዝቻለሁ።

ያንን የባጃጅ ልጅ ሰኞ ለት አገኘሁት። ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ እንዴት ናት አልኩት። «ረስታዋለች፣ አሁን ከፊት ካልተቀመጥኩ ብላ ነው የምታለቅሰው» አለኝ። አሁን አራት ነው የሚጭነው። አምስተኛዋ ከእኛ ጋር ናት፤ ቤታቸው መንገዳችን ላይ ሆኖ ተገኘ።

ባለቤቴም አሁን ግማሽ ግማሽ ላይ ደርሷል።

በሩ ተቃንቷል። ቀለሙ ግን ከሌላው ጋር አልገጠመም። ፒያሳ ወይም ዳውዶ አካባቢ ብርማ ቀለም አስመስሎ የሚቀባ፣ ዋጋ የማይቆልል ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። ሽንኩርትም የሚፈልግ ካለ።